ግራ ቀኝ የሌለው መንገድ

የመኪና መንዳት ወሬ ሲነሣ ከተሜው የሚጠያየቀው ስለ መንጃ ፈቃድ ነው። ስንት ወር ፈጀብህ? ስንት ጊዜ ተፈተንክ? እኔ ግን መሪ የጨበጥኩት መንጃ ፈቃድ የሚባል ነገር መኖሩን ሳልሰማ፣ በ1959 ዓ.ም.፣ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ሁርሶ ላይ ነው።

የሁርሶን ስም በወታደር ማሠልጠኛዋ የሰማ ብዙ ነው። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ አሮጌው ሐዲድ ወደ ኤረር ሲያቀና የምትገኝ፣ ፀሐይዋ አናት የምትበሳ የቆላ ጣቢያ ናት። በስተደቡብ የሐረርጌ ደጋ ተራሮች ተደርድረዋል። ከዚያ የሚወርዱት ወንዞች ወንዝ የሚሆኑት ደጋው ላይ ሲዘንብ ነው፤ በቀረው ጊዜ ሜዳ የሚያህሉ ደረቅ አሸዋ ናቸው። የእኔም ትምህርት ቤት ይኸው አሸዋ ነበር።

አስተማሪዬ የአንድ ፍራፍሬ ነጋዴ ላንድሮቨር የሚነዳው አጎቴ ነው። «ጋሼ» እለዋለሁ፤ በድሬ ልጅ ደንብ ግን «አንተ» እንጂ «እርስዎ» የለም። ለሕፃን ልጅ መሪ ለምን እንደሚሰጥ ሲጠይቁት፣ «ወባዬ ሲነሣብኝ ማን ያደርሰኛል?» ይላል። ቀልዱን አልነበረም። ወባው ሲያንዘፈዝፈው እግሩ ፍሪሲዮን ለመርገጥ እንኳ አይታዘዘውም።

ከሥሬ የታጠፈ ጆንያ አድርጎልኝ ጀመርን። ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ጋቢና፣ ኮፈን፣ ሁሉም የእናት የአባቴ አማርኛ ይመስለኝ ነበር፤ ጣልያን ጋራዥ ውስጥ ትቷቸው የሄደ ቃላት መሆናቸውን ያወቅሁት አድጌ ነው። አሸዋ የራሱ ጠባይ አለው። ጎማው ትንሽ ይተነፍሳል፤ በዝቅተኛ ማርሽ ሳይቆሙ ይሄዳሉ፤ መሪ በኃይል አይጠመዘዝም፤ ፍሬን በድንገት አይያዝም። ጎማው ባለበት መሽከርከር ከጀመረ ቤንዚን መጨመር ጉድጓድ መቆፈር ነው።

ጋሼ ራሱ የተማረው ግራውን ይዞ መንዳትን ነበር። አገራችን መኪኖቿን ከግራ ወደ ቀኝ ያዛወረችው በሰኔ 1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋ በገባን ቁጥር «ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ» እያለ ለራሱ ሲያንሾካሹክ እሰማዋለሁ። አሸዋው ላይ ግን ግራም ቀኝም የለም። «እዚህ ሕጉ አንድ ነው» ይለኛል፤ «ከመግባትህ በፊት ተራራውን እይ። አንተ ፀሐይ ላይ ብትሆንም ደጋው ከጠቆረ አትግባ።»

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሕጉ ተፈተነ። ጋሼ በጠና ታሞ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጎኔ ተጋድሟል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ሐኪም ቤቱ ያለው ድሬዳዋ ነው፤ በመካከሉ አሸዋው አለ። አሸዋው ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፤ ተራራው ግን እንደ ከሰል ጠቁሯል። ዳር ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ለምን ቆምክ?» አለኝ።

«ተራራው ጠቁሯል።»

አንገቱን ቀና አድርጎ አየና ተመልሶ ተጋደመ። «እንግዲያው ሞተሩን አጥፋ።»

ብዙ ሳይቆይ ድምፅ ሰማሁ። ባቡር መጣ ብዬ ወደ ሐዲዱ ዞርኩ። ባቡር አልነበረም፤ ደራሽ ነው፤ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ አሸዋውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። እኛም እዚያው አደርን። ከውኃው አተረፍኩት ብዬ አልኮራሁም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ስሰማ፣ ከውኃ አድኜ ለወባ የሰጠሁት መሰለኝ። ንጋት ላይ ላብ አጠመቀውና ተነፈሰ። ውኃው ሲጎድል ተሻገርን።

ሰው ከልጅነት መንዳት ምን ተማርክ ቢለኝ ማርሽ መቀየርን አልልም። መንገድ ሲዘጋጅልን ዓይናችን የሚያርፈው ከፊት ለፊታችን ላይ ነው፤ አደጋው ግን ብዙ ጊዜ ተነሥቶ የሚመጣው እኛ ካልቆምንበት ቦታ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ ድሬዳዋን ሰብሮ ገብቶ ከ200 በላይ ሰው ሲፈጅ፣ እነዚያ ሰዎች ተራራውን ማየት ጠፍቷቸው አልነበረም። ውኃው የመጣው በሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነው። ሌሊት ደግሞ ተራራ አይታይም፤ ደጋ ያለው ሰው ቆላ ላለው ካልነገረው በቀር።