መብራቱን ወደ ሥራው አቅርቡት

እስቲ ዛሬ ማታ ሳሎናችሁ ውስጥ ቁሙና ቀና በሉ። ከኮርኒሱ መሐል አንድ አምፖል ወይም አንድ ያማረ የጌጥ መብራት ተንጠልጥሎ ይሆናል። ቀጥሎ ደግሞ ቤተሰቡ የት የት እንደተቀመጠ ተመልከቱ። የቤት ሥራ የሚሠራው ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ምስር የሚለቀመው ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ሽንኩርት የሚከተፈው ደግሞ ኪችን ውስጥ ግድግዳ ተጠግቶ ነው። መብራቱ መሐል፣ ሥራው ዳር። የብዙዎቻችን ቤት እንዲህ ነው።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ስለ መብራት የተማርኩት ከቤት ሳይሆን ከሱቅ ነው። የሰው ዓይን ሳያስበው ወደ ደመቀው ነገር ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ ጫማ እንዲሸጥልን ስንፈልግ ጫማው ላይ ብቻ የሚያርፍ ስፖት ላይት እናደርግበታለን። ይህ ዓይነቱ መብራት ቀጥተኛ ብርሃን ይባላል። ከአምፖሉ ወጥቶ፣ ሌላ ነገር ላይ ሳያርፍ፣ ወደተፈለገው ቦታ የሚወርድ ማለት ነው። ሌላው ዓይነት መጀመሪያ ኮርኒሱ ወይም ግድግዳው ላይ አርፎ፣ ከዚያ ተንጸባርቆ ክፍሉን የሚሞላው ነው። ጂፕሰም ኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ የሚበራው የኤልኢዲ ስትሪፕ ጥሩ ምሳሌ ነው። እሱ ለስላሳ ነው፤ ቤቱንም ያሳምራል። መርፌ ለመያዝ ወይም ደቃቅ ጽሑፍ ለማንበብ ግን ብቻውን አይበቃም።

ይህ ልዩነት ለእኔ የሥራ ጉዳይ ብቻ መሆኑ የቀረው በእማዬ ምክንያት ነው። እማዬ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ወጣትነቷን ሙሉ ጥልፍ ስትጠልፍ የኖረች ሴት ናት። ስድሳን ካለፈች በኋላ ግን «ዓይኔ ከእንግዲህ እምቢ ብሏል ልጄ» ብላ ክሯንና መርፌዋን ሰብስባ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ቀስ በቀስ ምስር መልቀሙንም፣ ማታ ማታ ማንበቡንም ተወች። ዓይን ሐኪም ዘንድ ስንሄድ መነጽሯ ተቀየረ። ሐኪሙ ቀጥሎ የጠየቃት ግን «ሲሠሩ መብራቱ በየት በኩል ነው?» ብሎ ነበር። እማዬ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።

ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን ይጠባል፤ ሌንሱም ወደ ቢጫነት እየሄደ ይደፈርሳል። በዚህ የተነሳ አንድ የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጠኛ ክፍል ድረስ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ያህል ነው። እኛ «በቂ ነው» የምንለው ሳሎን ለእናቶቻችን ደብዛዛ ነው ማለት ነው። የእማዬ ሶፋ ከመሐሉ አምፖል ርቆ ፊት ለፊቱ ነበር። ብርሃኑ ዓይኗን ይወጋል እንጂ ጨርቋን አያበራም።

መፍትሔው የግድ ትልቅ አምፖል መግዛት አይደለም። ብርሃን ሲርቅ ቶሎ ይደክማል። ከሥራችሁ 2 ሜትር የራቀን አምፖል ወደ 1 ሜትር ብታቀርቡት፣ ሥራው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። እኛም አንገቱ የሚታጠፍ የቁም መብራት ገዝተን ከሶፋው ኋላ፣ በግራ ትከሻዋ በኩል አቆምን። በቀኝ እጇ ስለምትሠራ የእጇ ጥላ ጨርቁ ላይ አያርፍም። አምፖሉ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ነው፤ የድሮውን ባለ 60 ዋት ያህል ያበራል። በቀን 4 ሰዓት ቢበራ በወር የሚቆጥረው 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አሁን እማዬ ወደ ጥልፏ ተመልሳለች። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባቱ ግን እስካሁን የልጄ ሥራ ነው፤ ሁለቱም አይከፋቸውም።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በኩራዝ ዘመን ብርሃኗ ትንሽ ስለነበረች ኩራዟ ራሷ ወደ ሥራው ትሄድ ነበር፤ ተማሪው መጽሐፉ አጠገብ፣ ወጥ የምትሠራዋ ድስቱ አጠገብ ያስቀምጧታል። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ብርሃኑ በረታ፤ ነገር ግን ኮርኒስ ላይ ወጥቶ እዚያው ቀረ።

በየክፍሉ ምን ማድረግ ይቻላል? ኪችን ውስጥ አምፖሉ ከጀርባችሁ ስለሚሆን የምትከትፉት በራሳችሁ ጥላ ውስጥ ነው። ከላይኛው ካቢኔት ሥር፣ ወደ ፊተኛው ጠርዝ ቀረብ አድርጋችሁ ቀጭን የኤልኢዲ መብራት ብታስገጥሙ ጥላው ይጠፋል፤ ቢላ የሚይዝ እጅም ይድናል። የልጆች የጥናት ጠረጴዛ ላይ መብራቱን ልጁ ከሚጽፍበት እጅ በተቃራኒ አድርጉት፤ ግራኝ ከሆነ በቀኝ ማለት ነው። አምፖሉ በቀጥታ ለዓይኑ እንዳይታይ ክዳኑን ዝቅ አድርጉት። የምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚንጠለጠል መብራት ከጠረጴዛው 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ምግቡን ያሳያል፤ ፊት ለፊት የተቀመጠውንም ሰው አይጋርድም። መስታወት ከሆነ ደግሞ ከላይ ብቻ የሚበራ መብራት ከዓይን ሥር ጥላ ስለሚጥል፣ በግራና በቀኝ ማድረጉ ይሻላል።

የብርሃኑን ቀለም የካርቶኑ ላይ ቁጥር ይነግራችኋል። ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ሞቅ ያለ ወርቃማ ነው፤ ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ይስማማል። 4000 ኬልቪን አካባቢ ነጣ ያለ ስለሆነ ለኪችንና ለጥናት ይመቻል።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው፣ ክፍሉን አጨልሞ አንዷን መብራት ብቻ ማብራት ነው፤ ዓይን ከደማቁ ወደ ጨለማው ሲመላለስ ይደክማል። የክፍሉ መብራትም ለዘብ ብሎ ይብራ። ሁለተኛው፣ አሁን አሁን ፋሽን የሆነው ኮርኒሱን በስፖት ላይት መሙላት ነው። ሶፋው ትይዩ የተተከለ ስፖት ላይት የእንግዳችሁን ፊት ይመታል እንጂ ሥራ አይሠራም። አዲስ መስመር መዘርጋት ካለበት ሥራውን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡ። ተከራይ ከሆናችሁ ግን ሶኬት ላይ የሚሰካ መብራት ይበቃል፤ ስትለቁም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

መብራት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ግን የቤታችሁን ሰዎች አስቡ። ማንበብ የተዉ አባት፣ መርፌ ያስቀመጡ እናት፣ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ የሚጽፍ ልጅ አሉ? መጀመሪያ ዓይናቸውን አስመርምሩ። ከዚያ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ራሳችሁ ቁጭ ብላችሁ፣ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ አይታችሁ፣ ከእነሱ ጋር ተመካክራችሁ ግዙ። እኛ ነጋዴዎች ለአንድ ጥንድ ጫማ ይህን ያህል እንጨነቃለን።