ጥርባ አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ

የጨረቃ ቤት አንድ ሌሊት ይበቃዋል። የባሕር ዛፍ አጣናው አስቀድሞ ተቆርጦ ጓሮ ይከመራል፤ ሲመሽ ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይመታል፣ ሲነጋ ቆርቆሮው ያበራል። ጭቃው ለነገ ይደርሳል። አፍራሽ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ሕፃን የታቀፈች እናት ተቀምጣለች። አፍርሱ እስቲ!

ጥርባ ሐይቅ አፋፍ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር የምፈራው ይህንን ነው። ጥርባ እንደ ዘንገና ሐይቅ ሁሉ እሳተ ገሞራ በቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውኃ ነው፤ አፋፉ ላይ የተደፋ እጣቢ መሄጃው ቁልቁል ነው። ከተማችን እንጅባራ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ከመስፋት አላረፈችም።

ጥፋቱን ማሳውን ለጨረቃ ቤት በሚሸጠው ገበሬ ላይ መለጠፍ ይቀለናል። እሱ ግን ሒሳብ ያውቃል። መሬት በሕግ ስለማይሸጥ ውሉ "ብድር ወስጃለሁ" ተብሎ ይጻፋል። ለምን ይሸጣል? ከተማው ደርሶ ለዘለቄታው ሲያስነሳው፣ ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ በአዋጅ 1161/2011 መሠረት የመሬቱ ካሳ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው የዓመት ገቢ 15 እጥፍ ነው። ያው ማሳ ተሸንሽኖ ለሊዝ ጨረታ ሲወጣ በካሬ ስንት እንደተጠራ ደግሞ ወሬው ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። እኔም ብሆን ቀድሜ እሸጥ ነበር።

ነገሩ የገንዘብ ብቻም አይደለም። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን በተቃውሞው ስንት ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ተሰረዘ። የዚያ አካባቢ ገበሬ አንዱ ቅሬታ ሳይጠየቅ መታቀዱ ነበር።

የከተማ ፕላን አዋጁ 574/2000 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ ይምከርበት ይላል። መዋቅራዊ ፕላን 10 ዓመት ነውና የሚያገለግለው፣ ምክክሩን በሥራ ቀን አዳራሽ ከምንጠራው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እድር ላይ ብናደርገውስ? ጥያቄውም "የት እንሥራ?" ሳይሆን "የት አንሠራም?" ቢሆን፦ የጥርባ አፋፍ፣ ጨፌው፣ የፈረስ መጋለቢያው ሜዳ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ጀምሮ አለ። ሜዳው በካርታ ተሸንሽኖ ካለቀ ጥር 23፣ በፈረሰኞቹ በዓል፣ አስፋልት ላይ ልንጋልብ ነው? (የአዲስ አበባው ጃን ሜዳ እንኳ በ2012፣ በኮሮናው ጊዜ፣ አትክልት ተራ ሆኖ ነበር።)

ከተማዋን ወደ ጎን የምናሰፋት ደግሞ እኛው ነን፦ ሁላችንም ግቢ፣ ጓሮ፣ ጌሾ እንፈልጋለን፤ ፎቅ ላይ መኖር ስደት ይመስለናል። እኔንም ጨምሮ።

ገበሬውን አጎቴን ጠየቅኋቸው፦ "ጋሼ፣ ከማሳዎ ላይ በስምዎ ካርታ ያለው ሁለት ቦታ ቢቀርልዎ ለደላላ ይሸጣሉ?"

በትራቸውን መሬት ላይ እየጫሩ ጥቂት አሰቡ። "ካርታውን የሚሰጡኝ ከመለካታቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ?"