ከሴን ላዛር የሚነሣው የንጋት ባቡር

ጋሼን የተዋወቅኳቸው ፓሪስ በገባሁ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ አንድ ሐበሻ ቤት ምሳ ተጠርተን ነው። እሳቸው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ዕድሜያቸውን በሥዕል ያሳለፉ ሰው፤ እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣሁ ጀማሪ። «እስቲ ሥራህን አሳየኝ» ሲሉኝ የሥዕሎቼን ፎቶዎች አወጣሁላቸው። ሁሉም የሰው ፊትና የገበያ ግርግር ነበር። ሳይቸኩሉ አንድ በአንድ አዩና፣ «ሰማይህ የት አለ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «በል ቅዳሜ ንጋት ሴን ላዛር ጣቢያ እንገናኝ፤ ወፍራም ልብስ ልበስ» ብለው ወደ ምሳቸው ተመለሱ።

ወሩ መጋቢት ነበር፤ ገና አልነጋም። ጋሼ ቀድመውኝ ደርሰው፣ የእንጨት የቀለም ሣጥናቸውን ትከሻቸው ላይ አንግተው፣ ዳቦና ፔርሙስ በፌስታል ይዘው ቆመዋል። ሰላምታ ሳንጨርስ ወደ መስተዋቱ ጣሪያ አንጋጠጡና «ሞኔ የቆመው እዚህ ነው» አሉኝ። ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1877 ከዚህ ጣሪያ ሥር የባቡሮቹን እንፋሎት ደጋግሞ ሥሏል፤ ከዚያ የወጡት 12 ሸራዎች ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ተበትነው ይገኛሉ። እኔ የማውቃቸው በመጽሐፍ ነው። እንፋሎቱ ከቀረ ዘመን አልፏል፤ ያ ጣሪያ፣ ያ የብረት ማገር፣ ከወዲያ ጫፍ የሚገባው ግራጫ ብርሃን ግን አሁንም አለ። ባቡሩ ሊነሣ ሲል ጋሼ እጄን ይዘው ነው የወሰዱኝ።

«በቀኝ በኩል፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጥ» አሉኝ። ምክንያቱ የገባኝ ማንት ከተማን አልፈን ሲነጋ ነው። ሴን ወንዝ በቀኛችን ወጣ፤ ጭጋጉ ከውኃው እየተነሣ ዛፎቹን ከወገባቸው በታች ሸፍኗቸዋል። ቬርኖን ስንደርስ ጋሼ ከወንዙ ማዶ ያለውን ኮረብታ ጠቆሙኝ። ሞኔ ከ1883 ጀምሮ በ1926 እስኪሞት የኖረባት ዢቨርኒ እዚያ ናት።

ሻይ እየቀዱልኝ ያጫወቱኝ ስለ ሐዲዱ ነው። ከፓሪስ ሩዋን ያለው መሥመር እ.ኤ.አ. በ1843 ተከፈተ፤ በ1847 እኛ ወደምንሄድባት የወደብ ከተማ፣ ሌ ሃቭር ደረሰ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1841 ጆን ራንድ የሚባል አሜሪካዊ ሰዓሊ የብረት የቀለም ቱቦ ፈልስፏል። እስከዚያ ድረስ የዘይት ቀለም የሚያዘው በአሳማ ፊኛ ተቋጥሮ ነበር፤ አንዴ ከተበሳ ቶሎ ይደርቃል። «ቱቦውና ባቡሩ ባይገናኙ ኖሮ ሞኔ የሚባል ሰው አናውቅም ነበር» አሉኝ ጋሼ። እኔ እስከዚያ ድረስ አልሄድም፤ ሞኔ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌ ሃቭር ባሕር ዳር ያደገ ሰው ነው። ከፓሪስ ተሳፍሮ፣ ባሕር ዳር ሥሎ፣ ሸራውን ይዞ መመለስ ለብዙ ሰዓሊዎች የቀለለው ግን በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ሩዋንን በዋሻና በዋሻ መካከል ለአፍታ አየናት። ከዚያ ወዲያ ላም የሚግጥበት ሰፊ ሜዳ ነው፤ ጋሼ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሌ ሃቭር ደርሰን ባሕሩ ዳር ወረድን። ያደግኩት ጣና ዳር ነው። ማዶው የማይታይ ውኃ ለእኔ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነብኝ ድምፁ ነው። የሌ ሃቭር ዳርቻ ድቡልቡል ጠጠር እንጂ አሸዋ አይደለም። ማዕበሉ ወጥቶ ሲመለስ ጠጠሩን እየጎተተ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ሽምብራ በሰፌድ ሲንጓለል የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። ደግሞ ውኃው ይሄዳል! ስንደርስ እግራችን ሥር የነበረው ባሕር እኛ ሥዕል ላይ ሳለን ሸሽቶ፣ አረንጓዴ የለበሰ ድንጋይና ኩሬ ትቶልን ሄደ። የጨረቃና የፀሐይ ስበት መሆኑን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። በዚያ ዳርቻ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንዳንድ ቀን ከ7 ሜትር እንደሚበልጥ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ነፋሱ ሸራውን ሊወስደው ሲታገል ጋሼ ዳቦው የነበረበትን ፌስታል ጠጠር ሞሉና ከኢዝሉ (ከሸራ ማቆሚያው) እግሮች መካከል አንጠለጠሉት። ኢዝሉ ቀጥ አለ።

«ከላይ ጀምር» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ባሕሩን ልንሥል አይደል የመጣነው?»

«ባሕሩ ቀለሙን የሚያገኘው ከሰማይ ነው፣ ልጄ። ሰማዩን ሳታይ ባሕሩን ብትቀባ ውሸት ነው።»

እጃቸውን አየሁ። ለደመናው ግራጫ ጥቁር ቀለም አልነኩም፤ ሰማያዊና ቡናማ ቀላቅለው፣ በነጭ አቅጥነው አወጡት። ደመናው እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ሠሩ፤ ሌላ ደመና ሲመጣ ሌላ ትንሽ ሰሌዳ አወጡ። የመጀመሪያውን ሊያሻሽሉት አልተመለሱም። በኋላ ንድፉን ገልብጠው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ በእርሳስ ጻፉበት።

ይህን ከማን እንደተማሩት ያወቅኩት ከሰዓት በኋላ፣ ወደቡ አፍ ላይ ባለው በአንድሬ ማልሮ ስም በተሰየመው ሙዚየም ውስጥ ነው። ኤዥን ቡዳን እ.ኤ.አ. በ1824 ከሴን አፍ ማዶ ባለችው በኦንፍለር የተወለደ የመርከበኛ ልጅ ነው። የሰዎችን ፊት እያጋነነ በመሣል ገንዘብ ያገኝ የነበረውን ወጣቱን ሞኔን ከቤት አውጥቶ ሜዳ ላይ ያስጀመረው እሱ ነው፤ ሞኔም ሰዓሊ የሆንኩት በቡዳን ነው ብሎ መስክሯል። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ጥናቶቹ አብዛኞቹ ሰማይ ብቻ ናቸው፤ ከታች ቀጭን የባሕር መሥመር፣ አንዳንዴም እሷ እንኳ የለችም። ገጣሚው ቦድሌር በ1859 ካደነቀለት ነገር አንዱ በፓስቴል ሥራዎቹ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ነፋሱን መጻፉ ነበር። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ምንም አልተናገሩም። መናገርም አላስፈለጋቸውም።

ሞኔ «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጣት» የተባለውን ሥዕሉን በ1872 የሣለው እዚሁ ወደብ ላይ፣ ከሆቴል መስኮት ሆኖ ነው፤ በ1874 ፓሪስ ሲታይ የአንድ ሙሉ የአሣሣል ስልት መጠሪያ ከርዕሱ ወጣ። እሱ ያየው ከተማ ግን ዛሬ የለም። በመስከረም 1944 በቦምብ ወድሞ፣ ኦጉስት ፔሬ በኮንክሪት እንደገና ሠራው። ሰማዩ ያው ነው።

ጋሼ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ዛሬም ከእያንዳንዱ ንድፍ ጀርባ ሰዓቱንና ነፋሱን እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቼንም አስጽፋለሁ። ፓሪስ የመሄድ ዕድል የምታገኙ ወጣት ሰዓሊዎች፣ ሉቭርን እዩ፤ ግን አንድ ንጋት ለሌ ሃቭር ተዉ። መንገዱ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከ200 በላይ የቡዳን ሥራዎች እዚያ አሉ፤ አብዛኞቹን እ.ኤ.አ. በ1900 ለከተማው የሰጠው ወንድሙ ሉዊ ነው።