ሎሁ ሳይሰማ አይታጠብም

የዛሬው ጨዋታችን በቤታችን ስላለችው ኮምፒዩተርና አጠገቧ ስለሚቀመጠው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። ርእሱ ለቤተሰብ መጽሔት ደረቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። እኛም የአባታችንን ድምፅ እስክናጣ ድረስ እንደዚያው ይመስለን ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው በ2012 ዓ.ም. ረመዳን ነው። በኮሮና ምክንያት መስጊዶች ለጀማዓ ሰላት ተዘግተው ስለነበር አባታችን የለመዱትን የማታ ጨዋታ አጥተው ደብረ ማርቆስ እኛው ቤት ተቀምጠው ሰነበቱ። ዕድሜ ልካቸውን በንግድ የኖሩ ሰው ናቸውና ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንላቸውም። ከዐስር ሰላት በኋላ ማፍጠሪያው እስኪደርስ ልጆቹን ሰብስበው የድሮውን ያወጉ ጀመር፤ አባታቸውን ተከትለው በቅሎ እየነዱ ወደ ደጀን ገበያ ሲወርዱ፣ በክረምት ወንዝ ሞልቶ ከማዶ ሲያሳድራቸው፣ ሰዉ ሁሉ ከተማችንን መንቆረር እያለ ሲጠራት። (እሳቸውማ እስከ መጨረሻው መንቆረር እንዳሉ ናቸው።) እኛም ስልካችንን ትራሱ ሥር ሸጉጠን ቀዳናቸው። ስልክ ካዩ ወሬውን ትተው ንግግር ማድረግ ይቃጣቸው ነበርና።

ሦስት ቅጂ ወጣ። በአንደኛው መንዙማ አለ። በሁለተኛው አባቶቻቸውን ወደ ላይ መቁጠር ጀምረው አራተኛው ላይ አዛን ያቋርጣቸዋል። በሦስተኛው ቆጠራውን እስከ ሰባት ቤት አድርሰው የበቅሎውን ጉዞ ያወጋሉ። ሦስቱንም ወደ ኮምፒዩተር ገለበጥንና ስልኩን ለወንድማችን አጥፍተን ሰጠነው። አባታችን በ2014 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው።

በ2015 ዓ.ም. ኮምፒዩተሯ ሞልታ መጎተት ስላበዛች አንድ ቴራባይት የሚይዝ ኤክስተርናል ገዛን። የፈተና ወረቀቶቻችን፣ የልጆቹ ፎቶግራፎች፣ የሠርጋችን ቪዲዮ፣ የአባታችን ድምፅ፣ ሁሉም ወደዚያ ገባ። እዚህ ላይ ጥፋታችንን በግልጽ እንናገር። ኮፒ አላደረግንም፤ ከት ነው ያደረግነው። የልጆቻችን እናት ከምጣዱ ሳትነሣ፣ «ኮምፒዩተሩ ላይስ ቀርቷል?» ብላ ጠየቀች። «ምን ሊሠራ? አሁን ሰፊ ቤት ገባ» ብለን መለስን። አስተማሪ ነን፤ ለተማሪ ስናስረዳ የምንውለው እኛ ነን። «አስቀመጥነው» ስንል የነበረው ግን ዕቃውን ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት አጓጓዝነው እንጂ ሁለተኛ አላበጀንለትም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ አንድ ማታ ልጆቹ ከኤክስተርናሉ ፊልም ሲያዩ መብራት ጠፋ። ላፕቶፕ በመሆኗ በባትሪዋ ቀጠለች፤ ዲስኩም መሽከርከሩን አላቆመም። ትልቁ ልጃችን ሻማ ሊያመጣ በጨለማ ሲነሣ ገመዱ እግሩን ያዘው። የወደቀው ከጉልበት ከፍታ ቢሆን ነው፤ ያውም ምንጣፍ ላይ። መብራት ሲመጣ ብንሰካው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ከማለት በቀር አልከፈት አለ።

የዚህን ዕቃ ሆድ ኋላ ነው የተማርነው። በውስጡ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጩ ክብ ሳሕኖች አሉ፤ በአብዛኞቹ ዲስኮች በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራሉ። በላያቸው የሚያነብበው ጫፍ ሳሕኑን አይነካም፤ ከጠጉር ውፍረት በብዙ ሺህ ጊዜ በሚያንስ ክፍተት በአየር ላይ ይንሳፈፋል። እየተሽከረከረ ሳለ ከወደቀ ጫፉ ሳሕኑን ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ደግሞ ተመልሶ አይጻፍም። ባለማወቅ ለአንድ ጠጋኝ ብንሰጠው በመፍቻ ክዳኑን ፈትቶ እፍ አለበት። ይህ ዕቃ አቧራ በተጣራበት ክፍል ካልሆነ በቀር የሚከፈት አልነበረም። ጠጋኙን አንወቅስም፤ የወሰድንለት እኛ ነን።

ወደ አዲስ አበባ እንላከው ስንል የሐምሌ መጨረሻ ደረሰ። በክልላችን የሆነውን አንባቢ ያውቃል፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ፣ መንገዱም አንድ ቀን ቢከፈት ሌላ ቀን ይዘጋ ነበር። «ሁሉን ነገር ኢንተርኔት ላይ አስቀምጡት» የሚለውን ምክር ከዚያ ወዲህ በግማሽ ጆሮ ነው የምንሰማው። ኢንተርኔቱ ሲኖር መልካም ነው፤ በሌለበት ወራት ግን የራስህን ፎቶግራፍ ለማየት እንኳ በር የለህም። በመጨረሻ ዲስኩ አዲስ አበባ ሲደርስ ባለሙያው በትሕትና፣ «ከዚህ የሚወጣ ነገር የለም» አለን።

በዚያው ጉዞ እኅታችን ቤት አደርን። የሆነውን ስንነግራት ስልኳን አንሥታ ቴሌግራም ውስጥ ወደ ታች፣ ወደ ታች ስትፈልግ ቆየች። በዚያ ረመዳን፣ ሁለተኛውን ቅጂ ልከንላት ኖሯል! እኛ ፈጽሞ ረስተነዋል። ዐሥራ አንድ ደቂቃ። ሁላችንም ራት አቁመን ሰማነው። መንዙማውና ሦስተኛው ቅጂ ግን ሄደዋል።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ የሚመላለስብን የቁርኣን ቤት ሎሃችን ነው። በልጅነታችን በከሰል ቀለም በመቃ ብዕር ሎሁ ላይ እንጽፋለን፤ እንቀራለን፤ ሸኻችን ፊት ቀርበን እናሰማለን። ሎሁ የሚታጠበው ሸኻችን ሰምተው «እጠብ» ሲሉ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሸምድጃለሁ ብሎ ሳያሰማ ያጠበ ጓደኛችን የገጠመውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ግማሹ መንገድ ላይ ጠፋበት፣ የሚያይበት ሎህ ደግሞ ነጭ ሆኗል። እኛ ይህን በሰባት ዓመታችን ተምረን በሠላሳዎቹ ዕድሜያችን ኮምፒዩተር ፊት ስንቀመጥ ረሳነው። ከት ማድረግ ማለት ሳያሰሙ ሎሁን ማጠብ ነው።

የበለጠ የሚያስደንቀው የሙስሐፉ ታሪክ ነው። በየማማ ጦርነት ብዙ ሐፊዞች ሲሰዉ ዑመር አሳሰቡ፣ አቡበክር አዘዙ፣ ዘይድ ኢብን ሣቢት ከተጻፈበትም ከሰዎች ልብም እያመሳከሩ ሰበሰቡት። በኋላም ዑስማን ከሐፍሷ ዘንድ የነበረውን ጽሑፍ ተውሰው ግልባጮች አስጽፈው ወደየአገሩ ላኩ፤ ያን የተዋሱትንም ለሐፍሷ መለሱላት። በተማሪነት ዘመናችን ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ሳናስተውል ነበር ያለፍናት። ግልባጩ ስላለ ዋናው አልተጣለም። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ቅጂ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደርጓል።

አሁን ቤታችን ሁለት ኤክስተርናል አለ። ከት የሚባል ነገር ክልክል ነው፤ ኮፒ ብቻ። ኮፒው ሲያልቅ ከየፎልደሩ አንድ አንዱን ከኤክስተርናሉ ላይ ከፍተን እናያለን፣ እናዳምጣለን፤ እንደ ሸኻችን መሆኑ ነው። ዲስኩ ሥራው ሲያልቅ በሥርዓቱ ተሰናብቶ ይነቀላል እንጂ ተሰክቶ አያድርም። ምክንያቱ የመብራቱ መሄድና መምጣት ብቻ አይደለም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ ዓለም አይቷል። እንዲህ ያለው ቫይረስ የተሰካውንም ዲስክ አብሮ ሊቆልፈው ይችላል፤ መሳቢያ ውስጥ ያለውን ግን አይደርስበትም።

አንድ ትልቅ ቪዲዮ አዲሱ ዲስክ ላይ አልገባ ብሎ ሁለት ማታ አድክሞናል። ዲስኩ ባዶ ሆኖ ሳለ «ቦታ የለም» ይላል! ለካ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተሰናዳ ዲስክ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ዲስኩ ገና ባዶ ሳለ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ብናሰናዳው ገባ። ዕቃ ከተጫነበት በኋላ ግን ማሰናዳት ማለት ያለውን ሁሉ መደምሰስ ነውና ጥንቃቄ ይሻል።

ሁለተኛው ዲስክ አዲስ አበባ እኅታችን ቤት ነው። ዒድ ሲመጣ ወይ እሷ ትመጣለች፣ ወይ እኛ እንሄዳለን፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ዲስኮቹ ይለዋወጣሉ። ፎቶግራፍ አንሺዎች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚል ደንብ አላቸው። እኛ ሁለተኛውን ዓይነት ዕቃ ገና አላሟላንም።

የአባቶቻችንን ስም ከአምስተኛው ወዲያ ለማግኘት ሁለት አክስቶቻችንን ጠይቀናል። በአምስተኛው ይስማማሉ። በስድስተኛው ላይ እስከ ዛሬ እየተከራከሩ ነው። ሰባተኛውን የሚያነሣ የለም።

ጁሙዓ ማታ ከሻይ በኋላ ያችን ዐሥራ አንድ ደቂቃ ከኤክስተርናሉ ላይ እንከፍታለን፤ መሥራቷን ለማየት ነው እንላለን። አባታችን አራተኛውን ስም ጠርተው ትንፋሽ ይስባሉ፤ ከሩቅ አዛን ይሰማል። ይህን ጊዜ አያቱን በአካል የማያስታውሰው ትንሹ ልጃችን ቀድሟቸው በእሳቸው ድምፅ፣ «ቆዩኝ፣ እናፍጥርና እንመለስበታለን» ይላል።