በሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ

ባለፈው እሑድ ወዳጃችን በዝቅተኛው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢላቸው አሳፍረውን፥ የሸማ ሱቆችን በግራና በቀኝ እያየን ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣን። ስፍራው የእንጦጦ ግርጌ ስለ ሆነ ደጁ ሁሉ ዳገት ነው። ከቤታቸው በር ስንደርስ የአውቶሞቢሉ አፍንጫ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተፋጨ፤ ወዳጃችንም እጅግ አዘኑ። ባትሪው ከወለሉ ሥር የተነጠፈ ነውና፥ ሆዱ ቢመታ ጉዳቱ የቀለም ብቻ አይደለም።

«ነገ ቦዩን በሲሚንቶ አስደፍነዋለሁ» አሉ። እኛ ግን ቦዩን ተከትለን ቁልቁል ብንመለከት የአንዲት አሮጊት ቤት አየን። ቦዩ ቢደፈን የክረምቱ ጎርፍ የሚገባው ከእርሳቸው ጓዳ ነው።

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ዘበኛ ቀረብ ብለው «ጌታዬ፥ ፊት ለፊት አይግቡ፤ አግድም ይግቡ» አሉ። እውነትም አንዱ የፊት ጎማ ቀድሞ ጠርዙን ሲወጣ አፍንጫውን ከፍ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ኋላ ይከተላል። ሸክሙ እንዲቀል እኛ ወረድን። ወዳጃችንም በሰው እርምጃ ልክ ነዱት፤ ድምፅ አልተሰማም።

ለዘለቄታው ግን መወጣጫውን ማስረዘም ይሻላል። ጠርዙ 15 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ቢሆን፥ ግማሽ ሜትር የሚረዝም መወጣጫ በሜትር 30 ሳንቲሜትር ይነሣል፤ 1 ሜትር ተኩል ቢረዝም ግን 10 ብቻ ነው። በቦዩም ላይ ውኃ የሚያሳልፍ ጠንካራ የብረት ፍርግርግ ይጋደማል። ወዳጃችን ብረት ሠሪ እንዲጠራ ለዘበኛው ነገሩና ወደ ቡናው ገባን።