ስትራፖ ነው ብዬ

ነፍሰ ጡር ሆና ሌሊት ስትራፖ ይዟት የማያውቅ እናት ካለች እጇን ታውጣ።

እኔን ከስድስተኛው ወር ነው የጀመረኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ባቴ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። መጮህ ደግሞ አልችልም፣ ትልቋ ልጄ አጠገቤ ተኝታለች። ባለቤቴ ቶሎ ለመደው፤ ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ ጉልበቴን ዘርግቶ ጣቶቼን ወደ እኔ ይገፋልኛል። ትንሽ ቆይቶ ይለቃል። እሱ ከሌለ ነጠላዬን በውስጥ እግሬ አዙሬ በሁለት እጄ እስባለሁ፤ በዚያ ሆድ እግር ላይ መድረስ የት አለ! ከመተኛቴ በፊት ግድግዳ ተደግፌ ባቴን ማፍታታትም ረድቶኛል። እማዬ ሙዝ ብዪ አለች፣ ጎረቤቶች ወተት። ሐኪሜን ስለ ማግኒዚየም ስጠይቃት ጥናቶቹ አይስማሙም አለችኝ። ሙዙን ግን በላሁት፣ ምን ይጎዳኛል።

የምጽፈው ግን ለዚህ አይደለም።

በስምንተኛው ወር አንድ ሌሊት ግራ ባቴን ያዘኝ። ባለቤቴ ሳበልኝ፣ አልለቀቀም። ነጋ፣ አልለቀቀም። የነፍሰ ጡር እግር ያብጣል፣ እሱን አውቃለሁ፤ የኔ ግን ግራው ብቻ ነበር ያበጠው፣ ሲነኩትም ይሞቃል። ለዓመታት ስለ ደም መርጋት ያስተማርኳችሁ የባዮሎጂ አስተማሪያችሁ "ስትራፖ ነው፣ ያልፋል" ብላ ቀኑን ሙሉ ቆማ አስተማረች! ማታ እማዬ ቅባት ይዛ አሸችኝ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድን። አልትራሳውንዱ ላይ የረጋ ደም ታየ። ሐኪሟ "አሽታችሁታል እንዴ?" ስትል እማዬ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ለካ በእርግዝና ጊዜ ደም ቶሎ ይረጋል፤ ስንወልድ ብዙ እንዳይፈሰን ሰውነት የሚዘጋጀው ነገር ነው። የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ግን ይገድላል። ሄፓሪን ታዘዘልኝ፤ ወደ ሕፃኑ አያልፍም ተባልኩ። በየቀኑ ሆዴ ላይ መርፌ፣ ከወለድኩም በኋላ ለሳምንታት።

አሁን እርጉዝ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፦ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ከቀላ፣ ሕመሙም ስትስቡት ካልለቀቀ አታሹት፣ የዚያኑ ቀን ሂዱ። ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ደረታችሁን ከወጋችሁ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ።

የመጨረሻውን መርፌ የተወጋሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ልጁ ደህና ነው፣ ይጠባል። እማዬ አሁንም ሙዝ ይዛ ትመጣለች። እግሬን ግን አትነካም።