ኤሲ ወይስ መሪ

እ.ኤ.አ. በ1985 በፕሪቶሪያ አቅራቢያ ያለው የቢኤምደብሊው ሮስሊን ፋብሪካ አንዲት ለየት ያለች መኪና መሥራት ጀመረ። ትንሿን ባለ ሁለት በር መኪና ወስደው፣ ለትልልቆቹ የታሰበውን 3.2 ሊትር ሞተር ከተቱባት። ስሟ 333አይ ነበር፤ እስከ 1987 ድረስ የተሠሩት ከ200 ብዙም አይበልጡም። ሞተሩ ገባ፣ ቦታው ግን አለቀ። ስለዚህ ገዢው ከሁለት አንዱን ምረጥ ተባለ፦ ወይ ኤሲ፣ ወይ መሪውን የሚያቀልለውን ፓምፕ። ከኮፈኑ ሥር ሁለቱንም የሚያስቀምጥ ስፍራ አልተገኘም።

ከሮስሊን አንድ ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ ሲነዱ ጆሃንስበርግ ነው። እዚያ በየግቢው ያሉ ትንንሽ ጋራዦች ይህን ጥያቄ ዛሬም ይጋፈጣሉ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,750 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። ጭነት የሚበዛበት ሰው ትልቅ ሞተር ቢመኝ አይፈረድበትም። ኤሲም ቢሆን ቅንጦት አይደለም። የትራፊክ መብራቱን ሮቦት ይሉታል፤ ሮቦት ላይ መስኮት ከፍቶ የቆመ ሰው ስልኩን ወይም ቦርሳውን ሊነጠቅ ይችላል። በታኅሣሥ ሙቀት መስኮት ዘግቶ ለመንዳት የሚነፍስ ቀዝቃዛ አየር ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ጋራዦች በአንዱ የሚሠራው ሰው ሙያውን የተማረው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ላሜራ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ፑሌጃ፣ ቺንጋ የሚሉትን ጣሊያን ጥሏቸው የሄደውን ቃላት እንደ መፍቻዎቹ ሁሉ ይዟቸው መጣ። ዙሉ ተናጋሪው ረዳቱ እንኳ አሁን "ቺንጋ" ነው የሚለው።

ደንበኛው ጄፕ ጎዳና ላይ ብርድ ልብስ የሚያከፋፍል ወጣት ነው። መንገዱ ዛሬ በራሂማ ሙሳ ስም ይጠራል፤ አበሻው ግን ጄፕ ማለቱን አልተወም። ያመጣት መኪና የድሮ ሃይሉክስ ናት፤ ሌላ ጋራዥ ባለ 4 ሊትር የቶዮታ ቪ8 ሞተር ገጥሞላታል፤ ሌክሰስ ኤልኤስ 400 በ1989 ይዞት የወጣውን ዓይነት። ሞተሩ ይዘምራል። ኮምፕሬሰሩ ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ ግን የሃይሉክሷ ሻሲ ይዞታል።

"ጋሼ፣ ለቅዳሜ ይደርስልኛል? ደርባን የማደርሰው ዕቃ አለኝ።"

ሰውዬው አልመለሰለትም። መሳቢያውን ከፍቶ አንድ የተሰበረ ብረት አወጣና እጁ ላይ አኖረለት።

"ይኼ ለቅዳሜ የደረሰ ነው" አለው።

የራሱ ሥራ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአገሩ ልጅ ቸኩሎ መጥቶበት፣ በ5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ኮምፕሬሰሩን ከፊት ብቻ ይዞ፣ ከኋላ ድጋፍ ሳያደርግለት ሰጠው። ኮምፕሬሰር ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ክላቹ በያዘ ቁጥር መያዣውን ይነቀንቀዋል፤ በለቀቀ ቁጥር መልሶ ይተወዋል። ይህ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ይደጋገማል። ስንጥቁ ከብየዳው ጠርዝ ይጀምራል፤ ከቀለሙ ሥር ስለሆነ አይታይም። ያ መያዣ በሌሊት፣ ወደ ፖሎክዋኔ በሚወስደው ኤን 1 ላይ ተሰበረ። ኮምፕሬሰሩ ሲወድቅ የውሃ ፓምፑን የምታዞረውን ቺንጋ ይዞ ወረደ፤ ሞተሩ ጋለ። ባለ መኪናው ሙሉ ዕቃ ጭኖ መንገድ ዳር አደረ። ማንም አልነካውም። ከዚያ በኋላ ሲገናኙ "እግዜር አተረፈኝ" ብቻ አለ፤ ተመልሶ ግን አልመጣም። ቢሰድበው ኖሮ ይቀልለው ነበር።

ወጣቱ ብረቱን አገላብጦ አየና መለሰለት። ስለ ቅዳሜ ደግሞ አልጠየቀም።

ሥራው የሚጀምረው ከራሱ ከብርድ ልብሱ ካርቶን ነው። ካርቶኑ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ በጣት ተጭነው ምልክታቸው ይወጣል። መያዣው የሚታሰረው ሞተሩ ላይ እንጂ ቦዲው ላይ አይደለም፤ ሞተር በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ይወዛወዛል፤ ኮምፕሬሰሩ አብሮት ካልተወዛወዘ ቺንጋዋ አንዴ ትወጠራለች፣ አንዴ ትላላለች። ከዚያ ቀጥ ያለ ብረት ከክራንኩ ፑሌጃ ፊት ተደግፎ እስከ ኮምፕሬሰሩ ፑሌጃ ይዘረጋል። ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠነቀቃል። ቺንጋዋ ጎንዋን ካሸች መጮህ ትጀምራለች፤ ቆይታም ዘልላ ትወጣለች።

በዚህ ጊዜ ላሜራው 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ በመካከላቸው በቶርኖ የተስተካከሉ ወፍራም ቱቦዎች። አራቱም የኮምፕሬሰሩ ጆሮዎች ይያዛሉ። መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበይዳል፤ አውጥቶ ይለካል። ከዚያ ትንሽ በዚህ ጎን፣ ትንሽ በዚያ ጎን እያለ ይጨርሳል፤ ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረትን ወደ ራሱ ይስባልና። ማክሰኞ ማታ ለካው፤ 2 ሚሊ ሜትር ሸሽቷል። ረዳቱ "በቃ፣ ይሄዳል" አለ። ሰውዬው በፍሌክስ ቆርጦ እንደገና ጀመረ።

ቅዳሜ መጥታ አለፈች። ወጣቱ ዕቃውን በሰው መኪና ላከ፤ ከፈለ፤ ተነጫነጨ።

በተከታዩ ሐሙስ ሞተሩ ተነሣ። ጋዝ ተሞልቶ ኤሲው ሲበራ ክላቹ "ቀጭ" ብሎ ያዘ። ሰውዬው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቺንጋዋን አተኩሮ አያት። አንድ መስመር ይዛ ትሮጣለች፤ አትንቀጠቀጥም። አጥፉት አለ፤ አብሩት አለ፤ ሃያ ጊዜ ያህል አስደገመ። የመሪው ፓምፕም እንደ ድሮው ቦታው ላይ ነው። ማንም ምረጥ አልተባለም።

"ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ተመለስ፤ ቡሎኖቹን እናጠብቃቸዋለን" አለው። ይህን ለሁሉም ይላል። የሚመለስ ጥቂት ነው፤ የቀዘቀዘለት ሰው ከኮፈኑ ሥር ያለውን ይረሳል።

በሦስተኛው ሳምንት ስልኩ ጮኸ። ወጣቱ ነበር፤ ደርባን ደርሷል፤ ወበቁ ሰው የሚያልብ ነው።

"ጋሼ፣ በረደኝ እኮ!" አለ እየሳቀ።

"ቀንሰዋ" አለው ሰውዬው። ትንሽ ዝም ብሎ ቀጠለ፦ "ስንት ኪሎ ሜትር ሆነህ?"